ወንፈል ያለበት አብራሪ

ሰው ሁሉ አውሮፕላን ሲያልፍ ሽቅብ ያያል። እኔ ቁልቁል ጫማዬን አያለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ለሐኪም እንድነግር ስትመክረኝ ኖራለች። ለሐኪም ከምናገር ለአንባቢ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። አንባቢ ቢያንስ መርፌ አያዝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የመሬት አዋጁ ከወጣ ሁለተኛው ክረምት ይሁን ሦስተኛው ተምታቶብኛል። ወሩ ግን ሐምሌ፣ ቀኑም ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ መሆኑን የማልረሳው ሰኞ ዕለት ንስሐ ገብቼ ስለነበር ነው። በማግስቱ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልሳፈር ነበራ!

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ጎንደር ከተማ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ። ዝናቡ ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ ደርምሶት ማኪና አያልፍም። በአዲ አርቃይ በኩል አንድ አምባ ላይ ደግሞ ተስቦ ገብቷል ተባለ። ስለዚህ ስድስት ሣጥን መድኃኒት በትንሽ አውሮፕላን ይሂድ ተብሎ ተወሰነ። ሣጥኖቹን አስረክቦ ፊርማ የሚቀበል ሰው ሲፈለግ ከኔ በላይ ያሉት ሠራተኞች በሙሉ በአንድ ቀን ታመሙ። እኔ ለመታመም ዘገየሁ።

አብራሪው ካፒቴን ታደለ ይባላል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጺሙ የተከረከመ፣ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ሰው ነበር። ስለ እሱ ጎንደር ውስጥ የማይወራ ነገር አልነበረም። በፋሲል ግንብ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል ይባላል። ሊማሊሞ ላይ ሲደርስ ዝንጀሮዎቹ ተሰልፈው እጅ ይነሱታል ይባላል። እርግጥ ነው፣ ግማሹን ያስወራሁት እኔ ነኝ። ሌላውን ግማሽ ግን አላውቅም፤ እውነት ሊሆን ይችላል።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ አውሮፕላኑን አየሁት። ክንፉን ቢነቅሉለት ቮልስ ነበር የሚወጣው።

«ፈራህ እንዴ?» አለኝ ካፒቴኑ።

«ኧረ አልፈራሁም። እግሬ ነው በራሱ የሚንቀጠቀጥ።»

«በል እሱንም ይዘኸው ግባ» አለና በሩን ከፈተልኝ።

ስለ በረራው ብዙ አልተርክም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ካፒቴኑ ሲያፏጭ እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ የማላውቀውን ጀመርሁ። አንድ ጊዜ ገለጥ ሳደርግ የስሜን ገደል በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ያየኛል። መልሼ ጨፈንሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ካፒቴኑ ጎሸም አደረገኝ። የምናርፍበት አምባ ከታች ታየ። ሜዳው ረጅም ነው። በላይኛው ጫፍ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ኮረብታ፣ በታችኛው ጫፍ ገደል። ካፒቴኑ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርፎበታል።

«ምነው ይሄ ሜዳ ግማሹ ቀላ?» አለኝ።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ነገር ግን አላውቅም ማለት አልወድም። «ከብት ግጦት ይሆናል፤ ሣሩ አልቆ ነው» አልሁት፣ በሙሉ ልብ።

አረፍን። ሣሩ ላይ እንደ ቅቤ ተንሸራተትን። ቀዩ ጋ ስንደርስ ግን አውሮፕላኑ ድንገት እንደ ግትር በቅሎ ቆመ። ጎማዎቹ አፈሩ ውስጥ ገቡ፣ ጭራው ተነሳ፣ እኔና ስድስቱ ሣጥኖች የካፒቴኑ ጀርባ ላይ ተከመርን። ወርደን ስናይ የፊቱ ውልብልቢት መሬቱን ሊነካ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ቢነካ ኖሮ ይሰበርና እስከ መስከረም እዚያው ገበሬ ሆነን እንቀር ነበር።

ቀዩ ነገር ግጦሽ አልነበረም። ሦስት ጊዜ የታረሰ፣ ጓሉ የደቀቀ፣ የተዘጋጀ የጤፍ ማሳ ነው።

የአገሩ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ከፊት ከፊት ወገባቸውን በመቀነት ያሰሩ አንዲት ሴት ይሮጣሉ። የማሳው ባለቤት የአያ ጥጋቡ ሚስት፣ እትዬ የሻረግ ናቸው።

«ምነው! ምነው እናንተ!» አሉ ገና ሳይደርሱ። «ሰማይ የሚያህል መንገድ ተሰጥቷችሁ ከሁለት ጥማድ መሬታችን ላይ ትወርዳላችሁ?»

ካፒቴኑ ባርኔጣውን ይዞ እጅ ነሳቸው።

ነገሩን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አለኸኝ አስረዳን። ላብ በላብ ሆኗል። መሬት ሲከፋፈል ደልዳይ ኮሚቴው ዞሮ ዞሮ ይህን ሜዳ አገኘ። ድንጋይ የለበትም፣ ባለቤት የለውም፣ አውሮፕላን የሚባለውም ከመጣ ዓመት አልፎታል። «የተወው መስሎን ነው ጓድ ካፒቴን» አለ። ታችኛውን ግማሽ ለአያ ጥጋቡ ሰጧቸው።

አያ ጥጋቡ ስማቸው ነው እንጂ ጥጋብን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው በሬ የሰው መሬት ሲያርሱ ኖረው፣ የኔ የሚሉት መሬት ሲያገኙ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። እሱም የአውሮፕላን ማረፊያ ሆነ።

ካፒቴኑ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ማፏጨቱን ትቶ እንዲህ አለ፦ «ሬዲዮኔ ከተራራው ወዲያ አይሰማም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አዘዞ ካልደረስሁ ጠፋ ይባላል። ከደባርቅ ፈላጊ ይላካል። ፈላጊው ሲመጣ ደግሞ እኔን ብቻ አያይም፤ ይህን እርሻም ያያል።»

ማስረዳት አላስፈለገም። የዘመኑ ቋንቋ ለሁሉም ይገባል። ሊቀመንበር አለኸኝ «አሻጥር ይሉኛል» ብሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

አያ ጥጋቡ ብቻ ቆመው ነበር። «መሬቴስ?» አሉ በቀስታ።

ጎንበስ ብለው አንዲት ጓል አነሱና በመዳፋቸው አደቀቋት። እኔ ቀልደኛ ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ቁልቁል ጫማዬን አየሁ። «ከብት ግጦት ነው» ያልሁት እኔ ነኛ! ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ካፒቴኑ ዞር ብሎ ደግሞ ያይ ነበር፤ ምናልባትም ሣጥኖቹን ሣሩ ላይ ጥሎ ይመለስ ነበር።

ካፒቴኑ ሜዳውን በእርምጃ ለካው። ሣሩ ብቻውን ለመነሳት አይበቃም። ሽቅብ መነሳት አይቻልም፤ ኮረብታው አለ። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል መሮጥ፣ እርሻውን ማቋረጥ፣ ከዚያ ወደ ገደሉ።

«ይህ አፈር እንደ አስፋልት መጠንከር አለበት» አለ።

«አስፋልት አላውቅም» አሉ አያ ጥጋቡ። «ጤፍ የሚተኛበትን ያህል ከጠነከረስ ይበቃዎታል?»

ካፒቴኑ አፈጠጠ።

«የጤፍ ፍሬ ሲያይዋት ኢምንት ናት። ልል መሬት ላይ ከጣልናት ግን ትሰምጥና ትቀራለች። እንደ እርስዎ። ስለዚህ ሳንዘራ በፊት መሬቱን በከብት እናስረግጣለን። ነገ ላስረግጥ ነበር። ዛሬ ይሁን።»

ካፒቴኑ ተረከዙን አንድ ጊዜ መሬቱ ላይ መታ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ሽማግሌውን አያቸው፣ ገደሉን አየው፣ ከዚያ ሳቀ። «እንሞክረው!»

«ቆይ» አሉ አያ ጥጋቡ። «መጀመሪያ ነገሩን እንጨርስ። ይሄ ደቦ ነው ወንፈል?»

ካፒቴኑ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ልዩነቱን አያውቅም። እትዬ የሻረግ አስረዱት። «ደቦ ከሆነ ያበሉናል፣ ያጠጡናል፣ በዚያ ያበቃል። ምን ይዘዋል?»

ካፒቴኑ ኪሱን ዳበሰ። ግማሽ ፓኬት ብስኩት ነበረው።

«እንግዲያው ወንፈል ነው» አሉ አያ ጥጋቡ። «ዛሬ እኛ ላንተ እንውላለን። ለከርሞ፣ በዚሁ በሐምሌ፣ አንተ ለኔ ትውላለህ።» ልብ በሉ፣ «እርስዎ» እዚህ ላይ ቀረ። ወንፈል የገባ ሰው እኩያ ነው።

«እመልሳለሁ» አለ ካፒቴኑ፣ እጁን ዘርግቶ።

«ዋስ ጥራ።»

«ለወንፈል ዋስ አለው እንዴ?»

«ለጎረቤት የለውም። ቤቱ ሰማይ ለሆነ ሰው ግን ያስፈልጋል።»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። በዚያ አምባ ላይ ካፒቴኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ያወቅሁት ጠዋት ነው። ዋስ ሆንሁ።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ስድስቱን ሣጥን ለሊቀመንበሩ አስረክቤ ፊርማዬን ተቀበልሁ። ቀጥሎ አውሮፕላኑን ማውጣት ነበረብን። ሁለት ጥማድ በሬ መጣ፣ ጠፍሩ ካፒቴኑ ባሳየው ቦታ ታሰረ፣ ጅራፉ ጮኸ። አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ንቅንቅ አለና ወጣ። በሬ ጎትቶት ወደ ኋላ የሄደ አውሮፕላን በዓለም ላይ እሱ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ ይጻፍልኝ።

ከዚያ ከብቱ መጣ። አንድ ሺህ ብል ታምኑኛላችሁ? እሺ፣ መቶ። እሺ፣ ሰባ። በሬው፣ ላሙ፣ አህያው፣ የቄሱ በቅሎ ሳይቀር ማሳው ላይ ተነዳ። ከብቱ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል፤ ከኋላው ሰው ተደርድሮ በእግሩ ይደቀድቃል። ካፒቴኑ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ፣ ባርኔጣውን ግን ሳያወልቅ ከመሐል ገባ። በሬ በፉጨት ሊነዳ ሲሞክር በሬዎቹ ቆመው ያዳምጡታል። ሰው በሳቅ ሞተ። አንዱ አዝማሪ ቢጤ ወዲያው ግጥም አወጣለት፦

ክንፍሽን ሰብስቢ፣ አንች የብረት ወፍ፣
የጥጋቡ ጭቃ፣ ጎንደር አያሳልፍ።

ሰባ ከብትና ሁለት መቶ ሰው ይህን እየተቀበለ ሲረግጥ አስቡት። (ከብቶቹ አልተቀበሉም። ግን ምንም አልቀራቸውም።)

እኔ ፒያሳ የገዛኋትን አዲስ ጫማ እንዳደረግሁ ነበር የገባሁት። ቀኟን ጭቃው ያዘብኝ። ጎትቼ ጎትቼ እግሬ ብቻ ወጣ። አያ ጥጋቡ ጎንበስ ብለው ጫማዋን መነጨቋት፣ በጋቢያቸው ጠረጓትና ብብታቸው ሥር አደረጓት።

«ያምጧት አያ ጥጋቡ» አልሁ።

«ትቀመጥ። ዋስ ያለ መያዣ አያምርም።»

ከቀትር በኋላ እግዜር ይስጠው ፀሐይ ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል አያ ጥጋቡ አንዲት አህያ አሳልፈው ኮቴዋን መረመሩ። የጥፍር ያህል እንኳ አልገባም። «ጤፍ ይተኛበታል» አሉ። ካፒቴኑ ደግሞ ዘሎ በተረከዙ ወረደበት። ተረከዙን አሞት እያነከሰ «አስፋልት ነው!» ብሎ ጮኸ።

ካፒቴኑ ክብደት እንዲቀንስ አንድ ሰው መቅረት ይሻላል ሲል እጄን ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ። ገደሉን አይቸዋለሁ። «እኔ ልቅር! መንገዱ ሲጠገን በእግሬ እመጣለሁ፤ አገሩም ሸጋ ነው!»

ሊቀመንበር አለኸኝ አልተቀበለም። «የመጣችሁ ሁለት ናችሁ፣ የምትሄዱም ሁለት። አንድ ከጎደለ የት አደረሳችሁት ተብለን የምንጠየቅ እኛ ነን። ብትወድቁም አንድ ላይ ውደቁ፤ ለሪፖርት ይመቻል።»

ገባሁ። በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ጭቃ።

ሞተሩ ሲነሳ ከብቱ ሁሉ በረገገ። አያ ጥጋቡ ከማሳው ዳር ጫማዬን እንደያዙ ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን አልረሳውም። እኛ ካለፍን መሬቱ የሳቸው ነው። ካልወጣን ግን ከገደሉ ሥር የሚለቀመው የኛ አጥንትና የሳቸው ሁለት ጥማድ ነው።

ሮጥን። ሣሩ አለቀ። ቀዩ መጣ። ጎማው እንደሚሰምጥ እርግጠኛ ሆኜ ጥርሴን ነከስሁ፤ አልሰመጠም። እንደ አውድማ ድንግድንግ እያለ ወሰደን። ገደሉ አፉን ከፍቶ መጣ፣ መሬቱ ከሥራችን ጠፋ፣ አውሮፕላኑም ቁልቁል ወረደ። ሆዴ አምባው ላይ ከጫማዬ ጋር ቀረ። ካፒቴኑ አያፏጭም። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም፤ በኔ ስሌት አንድ ሙሉ ሁዳዴ ነው። ከዚያ ክንፉ አየር ያዘ፣ አፍንጫችን ቀና አለ፣ ፉጨቱም ተመለሰ።

ካፒቴኑ ዞሮ በማሳው ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ሰው ሁሉ ነጠላና ጋቢውን ያውለበልባል። ከብቱ ደንግጦ ማሳውን አንድ ዙር ደግሞ ረገጠላቸው። እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አያ ጥጋቡ ጫማዬን ከፍ አድርገው ያውለበልባሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አዘዞ ገባን።

በማግስቱ ሪፖርት ጻፍ ተባልሁ። አንባቢ ሆይ፣ በሕይወቴ አንድም ውሸት የሌለበት ጽሑፍ የጻፍሁት ያን ቀን ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሜዳው በገበሬ ማኅበሩ አባል በጓድ ጥጋቡ ታታሪነት ሦስት ጊዜ ታርሶ፣ ጓሉ ደቅቆ፣ በሰፊው ሕዝብና በከብት ኃይል ተረግጦ፣ ለአውሮፕላን መነሻ ብቁ ሆኖ ተገኝቷል። ጓድ ጥጋቡ በጀመሩት መንገድ እንዲቀጥሉ ቢደረግ።»

አለቃዬ «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ወደ አምባው ሄደ፤ ጓድ ጥጋቡ ሜዳውን በያዙት አኳኋን መንከባከባቸውን ይቀጥሉ የሚል። እሳቸውም ቀጠሉ። በክረምት ጤፍ ይበቅልበታል፣ በበጋ ገለባው ላይ አውሮፕላን ያርፍበታል፤ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ቆይቶ ሌላ ማኅበርም የራሱን ሜዳ ለማረስ ፈቃድ ጠየቀ ሲባል ሰምቻለሁ። በዚያኛው እኔ የለሁበትም።

ዓመት ዞረ። በሰኔ መጨረሻ አንድ ማር ነጋዴ መጋዘኑ ድረስ መጥቶ «ዋሱ አንተ ነህ?» አለኝ። «አያ ጥጋቡ ሐምሌ ሊገባ ነው በለው ብለውሃል።»

ካፒቴን ታደለ በዚያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል። ትንሿም አውሮፕላን ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዳለች። ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ መልስ ግን አልመጣም። የቀኝ ጫማዬን በልቤ ተሰናበትኋት።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት መጋዘኑ በር ላይ ፉጨት ሰማሁ።

ካፒቴኑ በአውቶቡስ ነው የመጣው። በዚያ ዓመት መንገዱ ደኅና ነበርና በጭነት ማኪና እስከ አዲ አርቃይ፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ያ ዳመናን የሚንቅ ሰው ዳገቱ ላይ በየሃምሳ እርምጃው ይቀመጣል። «አገሩ ከላይ ሲታይ እንዲህ ዳገት አልነበረውም» ይለኛል።

አምባው ላይ ስንወጣ የማስረገጫው ቀን ደርሶ የአገሩ ሰው ማሳው ዳር ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል። እኛ ከኋላቸው መጣን። መጀመሪያ ያዩን እትዬ የሻረግ ናቸው።

«ምነው፣ አውሮፕላንህስ?»

«የለችም እትዬ። ወሰዷት። ራሴን ብቻ ነው ይዤ የመጣሁ።» አንገቱን ደፋ። ከልቡ አፍሮ ነበር።

ሰው አጉረመረመ። በወንፈል በሬ ያዋለ በሬ ይመለስለታል፣ ሰው ያዋለ ሰው። ሁሉም አያ ጥጋቡን አየ። እሳቸው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«እኛ ለዚህ ሰው አውሮፕላን አውለንለታል?» ብለው ጠየቁ።

«አላዋልንም» አለ ሊቀመንበር አለኸኝ።

«ያዋልንለት እግራችንን ነው። ይኸው እግሩን ይዞ መጥቷል፤ ያውም ከአዲስ አበባ። ምን ቀረበት?» ካፒቴኑን ትከሻውን መታ አደረጉት። «በል ጫማህን አውልቅ።»

ቀኑን ሙሉ ረገጠ። እኔም ረገጥሁ፤ የዋስ ዕጣ እንዲህ ነው። የዚያ ዓመት በሬዎች ፉጨቱን ለምደውት ነው መሰል ይታዘዙለት ጀመር። ማታ እግሩን ሲታጠብ እንዲህ አለኝ፦ «ብዙ ቦታ አርፌያለሁ። ሰው ቆሞ ሲጠብቀኝ የደረስሁት ግን እዚህ ብቻ ነው።»

አያ ጥጋቡ ጫማዬን ከቆጥ አውርደው ሰጡኝ። ቅቤ ቀብተዋት ኖሮ ቤት የከረመችው ግራዋ ጠቁራ ስትቀር ቀኟ እንደ ወርቅ ቀልታለች። ለዓመታት እንዲሁ ዥንጉርጉር አድርጌ ፒያሳ ላይ ተንሸራሽሬባታለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ የጣሊያን ፋሽን ነው እል ነበር።

ዛሬ እነዚያ ጫማዎች የሉም። አዘዞ የሚያርፈውም አውሮፕላን ትልቅ ነው፤ አንድ አምባ ሙሉ ሰው ይጭናል። ከላዬ ሲያልፍ ሰው ሽቅብ ያያል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሁለቱም በቦታቸው ካሉ ደስ ይለኛል፤ ማንም የወንፈል ዕዳ አልቀረበትም ማለት ነው። ባለቤቴ አሁን ምክንያቱን አነበበች። ሐኪሙ እንዳይቀር ብላለች።